የተሸነፈው ሸሚዝ

"ይሄኛው ማነው?" አለኝ ባሌ፣ አንዲት የቦሎቄ ፍሬ በሁለት ጣቱ ይዞ።

እሁድ ጠዋት ነበር። ለምሳ የሚሆነውን ጥቁር ቦሎቄ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ ጠጠሩን እለቅማለሁ። ኪሎውን በስምንት ሬያል ገዝቼው ግማሹ ጠጠር ሆኖ ባለሱቁን በሆዴ እየረገምኩት ነበር። ቫልዴሲር በጨዋታ ቀን እንደልማዱ ከፊቴ አስራ አንድ ፍሬ ቆጥሮ ወደ ራሱ ሳበና አንዷን በረኛ አድርጎ ከኋላ፣ አራቱን ከፊቷ፣ የቀሩትን እንደየቦታቸው ደረደራቸው። ይህን ከሠላሳ ዓመት በላይ አይቼዋለሁ። ተጫዋች ሳለም ሆነ አሰልጣኝ ከሆነ ወዲህ እኛ ቤት ቦሎቄ ሳይሰለፍ ድስት ገብቶ አያውቅም። እያንዳንዷን በስሟ እየጠራ፣ አንተ እዚህ ቁም፣ አንተ መስመርህን አትልቀቅ፣ አንተ ደግሞ ከዳኛ ጋር አትከራከር እያለ በጣቱ ይገፋታል። ያን ቀን ግን ቀኝ መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ፍሬዋን አነሳት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጎ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ማራገቢያው እየዞረ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። "ኤዲቫን ነዋ" አልኩት ከጠጠሩ ቀና ሳልል። "ኤዲቫን" አለ። "አዎ፣ ኤዲቫን።" ፍሬዋን ቦታዋ መለሳትና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። እኔ መልቀሜን ቀጠልኩ፤ የምለቅመው ግን ጠጠሩን ይሁን ቦሎቄውን አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከካርኒቫል በፊት ነው። አንድ ማክሰኞ ልምምድ ብሎ ከቤት ወጥቶ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ያባረረው ክለብ በር ላይ፣ ዘጠና ኪሎሜትር ርቆ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተገኘ። የዚያ በር ጠባቂ እየሳቀ ደወለልኝ፤ "ዶና ኢቮኔቺ፣ ፕሮፌሰር ናፍቀነው መጣልን" አለኝ፤ አሰልጣኝን እዚህ ፕሮፌሰር ነው የሚሉት። እኔም ሳቅሁለት። ልጃችን ሮዛንጄላ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ "እማ፣ የጭንቅላት ሐኪም ጋ እንውሰደው" አለችኝ። ድካም ነው አልኳት። ሁለተኛ ስትለኝ ጮህኩባት። ሦስተኛ አላለችኝም፤ ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ስንገናኝ ስለ ዝናብና ስለ ሥጋ ዋጋ ብቻ ነው የምናወራው። መላውን ያገኘሁት ራሴ ነኝ። አርብ አርብ ለምክትሉ ለጄኒቫልዶ ደውዬ ማን ማን እንደሚሰለፍ ወሬ አስመስዬ አጣራለሁ፤ ቅዳሜ አስራ አንዱን ስም ከነማሊያ ቁጥሩ በትልልቁ ጽፌ የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ እከትለታለሁ። ከየት መጣ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ስለዚያች ወረቀት ግን ቤታችን ውስጥ አንድ ቃል ተነግሮ አያውቅም።

ወረቀቷ የምታስፈልገው ለንግግሩ ነው። ከጨዋታ በፊት የመልበሻ ክፍሉን በር ዘግቶ፣ ማሊያዎቹን ክንዱ ላይ ደርቦ፣ እያንዳንዱን ተጫዋች በስሙ ጠርቶ ዓይኑን እያየ በእጁ ያለብሰዋል። ይህ የቫልዴሲር ሥርዓት ነው፤ አስራ አንድ ክለብ ሲዘዋወር አብሮት ዞሯል። ተጫዋቾቹ ደሞዝ ቢዘገይባቸው ዝም የሚሉት በዚህች ነገር ነው። አንድ ስም ቢስት ግን ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓይን አለ፤ ከጨዋታው በኋላ ደግሞ የሬዲዮ ሰዎች አሉ። ኳስ በተከላካዩ እግር መሃል ስታልፍ የሚስቁት ሳቅ አለ፤ ያንን ሳቅ ሬዲዮ ላይ ስለ ባሌ ሲስቁት ሌሊት ሌሊት ይሰማኛል። መባረሩን አልፈራም፤ መባረር ለምዶብናል። አንዱ በስልክ አባሮታል፣ አንዱ ነዳጅ ማደያ ላይ መኪናውን አስቁሞ አባሮታል። የምፈራው ሰው ፊት መሳቂያ እንዳይሆንብኝ ነበር። ከዚህ የባሰ የሚፈራ ነገር መኖሩን ያን ዕለት ጠዋት አላውቅም ነበር።

ቫልዴሲር ፉርታዶ ቢሏችሁ እዚህ አገር የሚያውቀው የለም። ቢጎርና ነው ስሙ፤ ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት አስደግፎ በመዶሻ የሚመታበት ድፍን ብረት። አስራ ስምንት ዓመት በተከላካይነት ሲጫወት፣ ኳስ ከሰማይ ስትወርድ ሌላው ዓይኑን ይጨፍናል፣ እሱ ዓይኑን ገልጦ በቴስታ ይገጫታል። ተጫጭተን ሳለን እናቱ ጓሮ፣ ማንጎው ላይ፣ ኳስ በገመድ አንጠልጥሎ በቀን ሦስት መቶ ጊዜ በቴስታ ይመታ ነበር። እኔ ጥላው ሥር ተቀምጬ እቆጥርለታለሁ። ሁለት መቶ ላይ ደክሞት ሲቆም "ይሄው ነው ወንድነትህ?" እለዋለሁ፤ እሱ ይስቅና ይቀጥላል። የዚያን ዘመን ኳስ ዝናብ ሲመታው ድንጋይ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አሁን ከእንቅልፌ ስባንን የማስበው ያንን ቆጠራ ነው። አፍንጫው ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። አንድ ጊዜ ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ወድቆ፣ ተነስቶ ወደ ራሱ ጎል ሲሮጥ ስታዲየም ሙሉ ሰው ስቆ አጨብጭቦለታል። ከሜዳ ተሸክመውት የወጡበት ቀን ግን የለም። ወጌሻው ሊያስወጣው ሲመጣ "ቢጎርና አይወጣም" ይለዋል። ይህቺን ቃል ከተማው ሁሉ ያውቃታል፤ ግድግዳ ላይ ተጽፋ አይቻታለሁ።

የዚያን ቀን ጨዋታ የውድድሩ የመጨረሻው ነበር። ካሸነፍን ክለባችን ኡኒያዎ ሴራና ባለበት ሊግ ይቆያል፤ ካላሸነፍን ይወርዳል፣ ከወረደ ክለቡ ይዘጋል እየተባለ ነው። ክለቡ ተጫዋቾቹን ሆቴል የሚያሳድርበት አቅም ስለሌለው ሁሉም ከየቤቱ ተነስቶ በምሳ ሰዓት ሜዳ ይገናኛል። ቦሎቄውን ጥጄ ጎመንና ብርቱካን ልገዛ ወደ እሁድ ገበያው ወጣሁ። ሦስት ብርቱካን በአምስት ሬያል ሲሉኝ ተከራክሬ፣ ከአንዷ ጎረቤት ጋር ቆሜ፣ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ ስመለስ ቫልዴሲር የለም። ጄኒቫልዶ በመኪና መጥቶ ወስዶታል። ጠረጴዛው ላይ አስራ አንዱ ፍሬ እንደተሰለፈ ነው። መኝታ ቤት ስገባ ሰማያዊው ሸሚዝ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ክው አልኩ። ሰማያዊው ሸሚዝ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር፤ ዕድሉ እንዳይጠፋ ሳይታጠብ፣ ብብቱ እየሸተተ፣ ለብሶት ሄዷል። ባለፈው እሁድ ግን ተሸነፈ። የተሸነፈ ሸሚዝ ሜዳ አይመለስም፤ ይህን የእግር ኳስ ሰው ቤት ያደገ ድመት ሳይቀር ያውቃል። ነጩን ለብሶ ሄዷል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ እጄ እንደለመደው ወረቀቷን ሰማያዊው ኪስ ውስጥ ከትቻለሁ። እጄን ስሰድ እዚያው አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የቢጎርና ሚስት ሆኜ፣ ያንን ሁሉ ሸሚዝ አጥቤ፣ አይታጠብ ያለውንም ጠብቄ፣ የሚረሳው እሱ ሆኖ ሳለ የረሳሁት እኔ ነኝ። ደወልኩ፤ አይነሳም። ሜዳ ሲደርሱ ስልክ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ይሰበሰባል፤ እሱ ራሱ ያወጣው ደንብ ነው። እሳቱን አጥፍቼ ወረቀቷን ጡቴ መሃል ሸጉጬ ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ።

አውቶቡሱ በደጋፊ ጢም ብሏል። ከበሮ አለ፣ ባንዲራ አለ፣ የቢራ ጣሳ እግሬ ሥር ይንከባለላል። "ዛሬ ቢጎርና ካላሸነፈ ጭንቅላቱን ለድልድይ መሠረት እንሰጠዋለን" አለ አንዱ ጥርሰ ፍንጭት። "ኧረ ተው፣ ድልድዩ ይከብደዋል" አለው ሌላው። "ውስጡ ባዶ ነው ባክህ፣ አይከብድም" አለ የመጀመሪያው፤ አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዘሩን ቆጥሬ አፉን አስይዘው ነበር። በምላሴ የምታማ ሴት አይደለሁም፤ ሁለት ጋዜጠኛ በኔ የተነሳ እኛ ሰፈር አያልፍም። ያን ቀን ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ባዶ ያላት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። መብራት በያዘን ቁጥር የሹፌሩን ሰዓት አያለሁ። ጨዋታው ከቀኑ አስር ሰዓት ነው፤ ንግግሩ ዘጠኝ ተኩል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዘጠኝ ከሩብ አልፏል። ወርጄ ሮጥኩ፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት የቀረኝ ሴት፣ በቤት ጫማ።

የመልበሻ ክፍሉ ኮሪደር ጠባብ ነው፤ የማሸት ቅባትና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አለው። ከበሩ ትይዩ የሰማንያ ዘጠኙ ቡድን ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከተማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁ ሊግ ያስገቡት አስራ አንዱ፣ ስማቸው ከነቁጥራቸው ከሥራቸው ተጽፎ። ሦስተኛው ባለ ሙሉ ጸጉሩ ቫልዴሲር ነው። ጄኒቫልዶ የተሰላፊዎቹን ዝርዝር ለዳኛው ሰጥቶ ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ጠበቀው፤ መቁጠሪያውን እጁ ላይ ጠምጥሞ ቆሟል። ሲያየኝ ዓይኑ ፈጠጠ።

"ዶና ኢቮኔቺ፣ በማርያም፣ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ? ከጨዋታ በፊት ሴት እዚህ እግሯን ካስገባች አለቀልን እኮ።"

"አውቃለሁ። ይህቺን ወረቀት ስጥልኝና እሄዳለሁ።"

"የምን ወረቀት?"

"የደም ግፊት መድኃኒቱ ሰዓት ነው።"

"ከንግግሩ በኋላ እሰጠዋለሁ። በሩን ከዘጋማ እኔን ራሴን አያስገባኝም፤ ያውቁት የለም እንዴ?"

እውነቱን ብነግረው በሩን ሰብሮም ቢሆን ይገባ ነበር። ሦስት ቃል ነው። ምላሴ ላይ መጥተው ተመለሱ፤ ወረቀቷን ጨበጥኳት። ከውስጥ የቫልዴሲር ድምፅ ተሰማ። የሚያምር ወፍራም ድምፅ ነው ያለው፣ ሁልጊዜ ስሰማው ደስ ይለኛል። "አንድ ቁጥር" አለ፤ ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ኪሱን ሲዳብስ ታየኝ፤ ነጩ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ምንም የለም። ጄኒቫልዶ መቁጠሪያውን ማዞር አቆመ። "አንድ ቁጥር" አለ እንደገና ቫልዴሲር፤ "ቶኒኮ።"

ግድግዳውን ያዝኩ። ቶኒኮ፣ የሰማንያ ዘጠኙ ቡድን በረኛ፣ ከሞተ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀብሩ ላይ ሬሳ ሳጥኑን በቀኝ በኩል የተሸከመው ባሌ ነው። "ሁለት ቁጥር፣ ዛንጋ" አለ ድምፁ፣ አሁን ሳይደናቀፍ። "ሦስት ቁጥር፣ ቢጎርና። አራት ቁጥር፣ ሜሉ።" ፊቴ ያለው ፎቶ ሥር ያለውን ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበብኩ ተከተልኩት፤ አንድም አልሳተም። ሲጨርስ መታጠቢያው ውስጥ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። አሁን ይስቃሉ አልኩ፤ አሁን አንዱ ፍርፍር ይላል፣ ከዚያ ያበቃል። ጆሮዬን በእጄ ልደፍን ስል የበረኛው ድምፅ ተሰማ፤ "አለሁ" አለ። ቀጥሎ ሌላው፣ "አለሁ።" ሌላው፣ "አለሁ።" አስራ አንዱም ተራ በተራ፣ የሞቱትንና ያረጁትን ሰዎች ስም እየተቀበሉ፣ "አለሁ" አሉ፤ ከዚያ ግድግዳውን እስኪያናውጥ ጮሁ። ጄኒቫልዶን ዞር ብዬ ባየው እንባው ይወርዳል። "ከፎቶው ላይ ጠራቸው እኮ" አለኝ። "የነሱን ማሊያ አለበሳቸው። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም።"

በሩ ተበርግዶ እየጮሁ ወጡ። እያንዳንዱ ሲያልፍ ፎቶውን በመዳፉ ነካ። ክሌይቶን የሚባለው ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሦስት ቁጥር፣ ባሌን ፎቶው ላይ ሳመው፤ መስታወቱ ላይ የከንፈሩ ምልክት ቀረ። ቫልዴሲር በመጨረሻ ወጣ። ሴት ኮሪደር ውስጥ ምን ትሠራለች ብሎ አልተቆጣኝም። ክንዴን ያዘኝና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "ኢቮኔቺ" አለኝ፣ "ቶኒኮን ጠራሁ፣ የማላውቀው ልጅ ተነሳ።" ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ፈርቶ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጄኒቫልዶ ትከሻውን አቅፎ ወደ ሜዳው ወሰደው፤ የሕዝቡ ጩኸት ዋጠው።

ሮዛንጄላ ከሥራ ወጥታ መጥታ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ቦታ ይዛልኝ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ዝናብ ሊመጣ ነው" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። የመጀመሪያው አጋማሽ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ እኔ የማየው መስመሩ ዳር የቆመውን ነጭ ሸሚዝ ብቻ ነው። እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ድሮ ሲያሰለጥን እንደ እብድ ነው የሚጮኸው። ሰው ሁሉ "እዩት፣ እርጋታውን እዩት" ይላል። ከእረፍት መልስ ሩብ ሰዓት እንዳለፈ ክሌይቶንና የነሱ አጥቂ አንድ ኳስ ላይ ዘለው ጭንቅላት ለጭንቅላት ተገናኙ። ድምፁ እኛ ድረስ መጣ፣ ሣንቃ ሲሰበር እንደሚሰማው። አጥቂው ተነሳ። ክሌይቶን ክንዱ እንደ ተዘረጋ ቀረ። ወጌሻው ሮጦ ገባ፣ አገላበጠው፣ ደሙን ጠረገ፣ ከዚያ ወደ ተቀያሪዎች ወንበር ሁለት እጁን አሽከረከረ፤ ቀይሩት ማለቱ ነው። ጄኒቫልዶ አንዱን ተቀያሪ አስነሳ። ያኔ ቫልዴሲር እጁን ከኪሱ አወጣ። የተቀያሪውን ደረት በመዳፉ ያዘና ወደ ወንበሩ መለሰው። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ባልሰማም አውቃታለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያየኋት ቃል ናት።

ቢጎርና አይወጣም።

ወንበሩ ላይ ያሉት ተቀበሉት፣ ከነሱ ደጋፊው ተቀበለው። ስታዲየሙ ሁሉ እየዘለለ "ቢጎርና አይወጣም" ይል ጀመር። ክሌይቶን ተነሳ። ጭንቅላቱን በፋሻ ጠመጠሙለት። እጁን ወደ ሕዝቡ አነሳ፤ ያነሳው ግን ወደተሳሳተው ወገን፣ ወደ ተጋጣሚው ደጋፊ ነበር። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ይህን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ በዚያ ማንጎ ዘመን እኔም ስቄዋለሁ።

"እማ" አለች ሮዛንጄላ፣ "ያ ልጅ መውጣት አለበት። ሌላ አንድ ኳስ በቴስታ ቢመታ ሊሞት ይችላል። አባባ ለምንድን ነው የማያስወጣው?"

"ክሌይቶን መሆኑን አያውቅም" አልኳት። "ራሱ የሚጫወት መስሎታል።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ የወጣው ያኔ ነው። ሮዛንጄላ አላለቀሰችም፣ ነግሬሽ ነበር አላለችኝም። እጄን ያዘችኝ። ወረቀቷ እጄ ውስጥ በላብ ረጥባ ነበር። እንሂድ፣ ሄደን እናስቁም አለችኝ፤ ተነሳን፤ በዚያ በሚዘልል ሕዝብ መሃል ግን ሦስት ደረጃ መውረድ አልቻልንም። አንዷ ሴትዮ "ተቀመጡ እንጂ፣ ጋረዳችሁን" ብላ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው የማዕዘን ምት አገኘን። ኳሷ ከፍ ብላ መጣች። ከሁሉም በላይ ነጭ ፋሻ ብቅ ሲል አየሁ፤ አምላኬ አይድረስባት አልኩ፣ ደረሰባት፣ ጎል ሆነ። ስታዲየሙ የፈረሰ መሰለ። የማላውቀው ሽማግሌ አቅፎኝ አለቀሰ። እኔና ልጄ ብቻ ነን ያልዘለልነው።

ሲያልቅ ማንም ሴት ናችሁ ብሎ አልከለከለንም፤ ካሸነፉ በኋላ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። የመልበሻ ክፍሉ ውስጥ ቢራ ይረጫል፣ የሬዲዮ ሰዎች እርስ በርስ ይጋፋሉ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ዶክተር አሪስቴው፣ ነገረፈጅ ናቸው፣ ላባቸውን እየጠረጉ የጠበባቸውን ክራቫት ፈትተው የማሳጅ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተዋል። "የሁለት ዓመት ውል" አሉ ማይክራፎኑ ውስጥ። "ያንን ንግግር ከእንግዲህ በየጨዋታው እንሰማዋለን። ይህ ሰው የክለባችን ማስታወሻ ነው፤ የሚያስታውስልን እሱ ነው።" ሁሉም አጨበጨበ። ቫልዴሲር እጅ ውስጥ እስክሪብቶ አለ። ወረቀቱን ያየዋል፤ እንደ ጠዋቷ ቦሎቄ። ሲያየኝ ፊቱ ፈካ፤ መንገድ ጠፍቶት ቤቱን ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። መጥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

ጥጉ ላይ ክሌይቶን በረዶ ጭንቅላቱ ላይ ይዞ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። እግሩ ሥር አስታውኮ ፎጣ ጥለውበታል። "ስንት ለስንት ወጣን?" አለ።

"አሁንም?" አለው በረኛው እየሳቀ። "ሦስተኛህ እኮ ነው። አንድ ለዜሮ፣ ያገባኸው ራስህ ነህ፣ ቢጎርና።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ዶክተር አሪስቴውም ሳቁ። አንዱ ልጁ ላይ ቢራ ደፋበት። ቫልዴሲር አልሳቀም። እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደኔ አዘነበለና፣ ማንም እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስንት ለስንት ወጣን?" አለኝ።

"አንድ ለዜሮ" አልኩት። "አሸንፈሃል።" ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩት። ቀስ ብሎ ነው የለቀቀልኝ፤ ግን ለቀቀልኝ። ዶክተር አሪስቴው ፈገግ እንዳሉ ናቸው፤ ሚስቱ ደሞዙን ልታስጨምር ነው ብለው ይሆናል። ማይክራፎኑ አፌ ሥር ነበር። ያን ሁሉ ወር በሌሊት የሰማሁት የሬዲዮ ሳቅ ትዝ አለኝ፤ ልጁን አየሁ፣ ዓይኑ ክፍት ነው፣ የሚያየው ነገር ግን የለም።

"ዶክተር፣ ባሌ አይፈርምም" አልኩ። "ዛሬ የጠራው ስም የንግግር ማሳመሪያ አልነበረም። የናንተን ስም ስላላወቀው ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያውቀዋል ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ በኔ ውሸት ነው እዚያ የተቀመጠው። መኪና ያለው ይነሳ፤ ሁለቱንም አሁኑኑ ሆስፒታል አድርሱልኝ።"

ማንም አልሳቀም። ሳቁን ነበር ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት፤ አልመጣም። ጄኒቫልዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በረኛው የቢራ ጣሳውን መሬት አስቀመጠና ሄዶ ክሌይቶንን በብብቱ ገብቶ አነሳው።

በጄኒቫልዶ መኪና ሄድን። ሮዛንጄላ ፊት ተቀምጣ ወደ ኋላ ዞራ ልጁ እንዳይተኛ ታናግረዋለች፤ የእናቱን ስም፣ የሰፈሩን ስም ትጠይቀዋለች፤ አንዳንዱን ይመልሳል። እኔ መሃል ነኝ፣ በግራዬ ክሌይቶን፣ በቀኜ ባሌ። ውጭ ሰው መንገዱን ሞልቶ እየጨፈረ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድባል፤ ቢጎርና፣ ቢጎርና ይላል። ዝናቡ ጀምሯል። ቫልዴሲር በመስኮቱ ለሰዎቹ እጁን ያነሳል። ምን እንዳልኩ ሰምቶ ይሆን፣ ገብቶት ይሆን፣ ተቀይሞኝ ይሆን፣ መጠየቅ ፈራሁ። ድልድዩን ስንሻገር የነጩን ሸሚዝ ደረት በመዳፉ እያሻሸ ወደኔ ዞረ።

"ኢቮኔቺ፣ ይህን ሸሚዝ እንዳታጥቢው" አለኝ። "አሸንፏል። በሚቀጥለው ጨዋታ እለብሰዋለሁ።"

"አላጥበውም" አልኩት።